የእትዬ ዘርፌ የድንጋይ አጥር

ይህን ስተርክ ብዋሽ የአባቴ አጥንት ይውጋኝ። ኢንተርኔት ላይ ሰው የሰደበ ሁሉ ድንጋይ ተሸክሞ፣ በእግሩ ሄዶ ይቅርታ ይጠይቅ ተብሎ ከታወጀ ወዲህ፣ ተሰዳቢው ድንጋዩን በገዛ እጁ ካላወረደለት የተሳዳቢው ስልክ አይከፈትም። እኔም ዝናብ ያዘንባል ብዬ ስለሠራሁት ማሽን ኢንተርኔት ላይ ስንከራከር "ማሽንህ ሐይቃችንን መጥጦ ይጨርሰዋል" ያሉኝን ሴትዮ "አሮጊት እንቁራሪት" ብዬ ጻፍኩና፣ በግ የሚያህል ድንጋይ ተሸክሜ ከደሴ ወደ ሐይቅ ከተማ ወረድኩ።

እትዬ ዘርፌ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። የግቢያቸው አጥር በሙሉ ተሳዳቢዎች ባመጡት ድንጋይ የተካበ ነው።

"እንቁራሪቷ እኔ ነኝ፤ ግባ" አሉኝ።

"መጀመሪያ ያውርዱልኝ እትዬ፣ ትከሻዬ አለቀ።"

"ካወረድኩልህማ ስልክህ ይከፈትና ውልቅ ትላለህ። እንደተሸከምክ ብላ።"

ድንጋዩን እንደተሸከምኩ ሽሮ አጎረሱኝ። ስለ ማሽኑ ስንከራከር ዋልን፤ አንዴም አልተረቱልኝም።

"ልጆቼ እንኳ የሚስሙኝ በስልክ ነው" አሉ ድስቱን እየጠረጉ። "በእግሩ የሚመጣልኝ የሰደበኝ ሰው ብቻ ነው።"

ሲመሻሽ ጎንበስ አልኩላቸውና ድንጋዩን ከትከሻዬ አንሸራተው አጥሩ ላይ አኖሩት። አጠገቡ የአንድ ድንጋይ ክፍተት ቀርታ ነበር።

"እስቲ በሳምንቱ ደግሞ ስደበኝ" አሉኝ።

በሳምንቱ "ግትር ጉማሬ" ብዬ ጻፍኩላቸውና ድንጋይ ፍለጋ ወጣሁ።

አንዲት ነገር ግን ከራሴ ጨምሬአለሁ፤ ስደበኝ አላሉኝም። ሸኝተውኝ ሲመለሱ፣ ክፍተቷን በእጃቸው ሲዳብሱ ነው ያየኋቸው።