ያልጎደለ ጾም

በእነ መስቱራ ቤት የወር አበባ ምስጢር ሆኖ አያውቅም። ረመዳን ሲገባማ ጭራሽ። የወር አበባዋ የመጣባት ሴት አትጾምም፤ ስለዚህ መስቱራ በጠራራ ፀሐይ ወጥ ቤት ገብታ ውሃ ስትቀዳ፣ አማቷ እማማ ሰአዳ ሳሎን ተቀምጠው የብርጭቆውን ድምፅ ይሰማሉ። ክፉ ቃል አይወጣቸውም። «ዘንድሮም?» ይላሉ ብቻ፣ መቁጠሪያቸውን እያዩ።

መስቱራና ከሊፋ ከተጋቡ ስምንት ዓመት ሆኗቸዋል። የሚኖሩት ከድንበሩ ማዶ፣ ኢስትሊ ሰፈር፣ ውሃ በጀሪካን ደረጃ ለደረጃ በሚወጣበት ፎቅ ላይ ነው። ከሊፋ እዚያው ሰፈር ጨርቅ ይሸጣል። ልጅ የላቸውም። ዘንድሮ እማማ ሰአዳ ነገሩን ቆረጡት፤ ከኢድ በኋላ ከሊፋ ሞያሌ ወርዶ ፋኢዛ የምትባል ልጅ በሁለተኛነት ሊያገባ ነው። ከሊፋ እሺም እንቢም አላለም። ዝምታው የትኛው እንደሆነ መስቱራ አልጠፋትም።

ቢያንስ በዚህ ረመዳን ያ ብርጭቆ እንዳይሰማ ፈለገች። ሌላ ተንኮል አልነበራትም። ጾሙ እንደገባ የጃፈር ፋርማሲ ሄዳ የወር አበባ የሚያዘገይ ኪኒን ገዛች፤ ለጾምም ለሐጅም የሚወስዱት ሴቶች ሞልተዋል። ጃፈር ነጫጮቹን ፍሬዎች ለደንበኛ ሁሉ በሚሰጣት ትንሽ የወረቀት ፖስታ ከተተላት።

«ቀንሽ ሲቃረብ ጀምሪ። ስታቆሚ ወዲያው ይመጣል» አላት።

ፖስታውን ቁምሳጥን ውስጥ፣ ከሻሾቿ ሥር ሸሸገችው።

በዚያው ሰሞን እማማ ሰአዳ ኩርፊያ ገባቸው። የታጠበ ልብሷን አጣጥፈው በየቦታው ይደረድሩላታል፣ ዓይኗን ግን አያዩም። መስቱራ ጾሙ ከብዷቸው ነው አለች። ጉልበታቸውም ስለተነሣባቸው ወንበር ላይ ሆነው መስገድ ጀምረው ነበር።

«መድኃኒትዎን አይወስዱም እንዴ?» አለቻቸው።

«አለቀ።»

«ከጃፈር ላምጣልዎት?»

«ተይው። የኔ ጉልበት ምን ሊረባ!»

ቀኗ ሲቃረብ መስቱራ በየምሽቱ ከኢፍጣር በኋላ ኪኒኗን ዋጠች። የወር አበባዋ አልመጣም። ብርጭቆው ሳይንኳኳ ረመዳን አለቀ።

የኢድ ዕለት እማማ ሰአዳ እንግዳ በሞላው ቤት ሲያዩዋት ዋሉና፣ «መስቱራ ዘንድሮ አንድም ቀን አልበላችም» አሉ። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ አንዷ እልል አለች። ከሊፋ የያዘውን ሰሃን ማስቀመጫ ጠፍቶበት ቆመ።

መስቱራ ያኔውኑ መናገር ነበረባት። የባሏን ፊት አየችና ሄዳ ሰሃኑን ተቀበለችው።

በማግስቱ የሞያሌው ጉዞ ቀረ። እማማ ሰአዳ ደውለው ለእነ ፋኢዛ፣ «ለልጅቱ ሌላ ፈልጉላት» ሲሉ መስቱራ በጆሮዋ ሰማች። ደስ አላት። በደስታዋ ደግሞ አፈረች።

ከዚያ ወዲያ ጀሪካን እንዳትነካ ተከለከለች። እማማ ሰአዳ በዚያ ጉልበታቸው እያነከሱ ራሳቸው ይዘው ይወጣሉ። ከሊፋም ደረጃው ላይ ክንዷን ደግፎ፣ «ፖሌ ፖሌ፣ ቀስ በይ እንጂ!» ይላታል። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የመስቱራ ዝምታ ግን ነቀዘ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ሆነባት። ምግብ አልወርድ አላት፤ ጠዋት ጠዋት ሆዷ ይገለበጣል። ሰው እያታለሉ መብላት እንዴት ይወርዳል ብላ ራሷን ረገመች።

የኪኒኑ ፖስታ ከሻሾቹ ሥር ነው፤ የቀሩትን ፍሬዎች አልጣለቻቸውም። የወር አበባዋ ግን አሁንም የለም። ሲመጣ፣ «ፅንሱ ወረደብኝ» እላለሁ ብላ አሰበች። ያሰበችው ነገር ራሷን አስደነገጣት።

አንድ ከሰዓት እማማ ሰአዳ አልጋዋ ጠርዝ ላይ መጥተው ተቀመጡ።

«በድዬሻለሁ። አፉ በይኝ» አሉ።

«ምን በድለውኝ ነው፣ እማማ?»

«አንቺ የማታውቂው አለ። ልጅ የማትፈልጊው አንቺ መስለሽኝ ነበር።»

የፋኢዛን ነገር ነው ብላ ገመተች። ይቅርታ የሚጠይቁት እሳቸው፣ የምትዋሸው እሷ! እጃቸውን ይዛ አለቀሰች፤ እሳቸውም አብረዋት አለቀሱ። ሁለቱም የጀመሩትን ሳይጨርሱ ተነሡ።

በማግስቱ ፖስታውን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ጃፈር ዘንድ ሄደች። ቁርጡን ሰምታ ማታ ለከሊፋ ልትነግረው ወስናለች፤ ከፈለገም ሞያሌ ይሂድ።

«ካቆምሽው ቆየሽ?» አላት ጃፈር።

«ከኢድ ዋዜማ ጀምሮ አልወሰድኩም።»

«እስካሁን መምጣት ነበረበት እኮ። አንዳንዴ ጾሙም፣ መክሳቱም፣ ጭንቀቱም ያዘገየዋል። እርግዝና ይሆን?»

«ስምንት ዓመት እንቢ ያለ ዛሬ? ኪኒኑ ነው እንጂ። ሰውነቴ ውስጥ ቀርቶ ይሆናል፤ ወይ የተበላሸ ሰጥተኸኝ ይሆናል። ይኸው፣ የተረፈውን እየው።»

ጃፈር ፖስታውን መዳፉ ላይ ገለበጠው። አንዷን ፍሬ አንሥቶ ወደ መብራቱ አስጠጋት፤ አገላብጦ አያት።

«መስቱራ» አላት፣ «ይሄ እኔ የሸጥኩልሽ አይደለም፤ የእማማ ሰአዳ የጉልበት ቫይታሚን ነው።»