የከረሜላው ምትክ

«ቀለም ግዛላት አልኩህ እንጂ መቼ ቦት ጫማ አልኩህ?» አለች ኮሪን፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«እኔ? አንቺ የገዛሽው መስሎኝ!» አለ ባሏ ዌንደል።

ልጃቸው ዊኒ ቀዩን ቦት ተጫምታ ወጥ ቤቱን ትዞራለች። ልክክ ብሏታል። በሃሎዊን በዓል ከቤት ቤት ዞራ የለቀመችውን ከረሜላ ማታ ደጃፍ ብታኖረው፣ አንዲት ጠንቋይ ሌሊት መጥታ ወስዳ ስጦታ እንደምትተካላት የነገሯት ራሳቸው ናቸው። ለጥርሷ ብለው የፈጠሩት ውሸት ነው።

«እማዬ፣ ቦቶቹ በራሳቸው ይራመዳሉ!» አለች ዊኒ እየሳቀች።

«ከረሜላውንስ ማን ወሰደው?» አለች ኮሪን ወደ ባሏ ዞራ።

ዌንደል አንገቱን አከከ። «እንዳትቆጪ። ለቢሮ ሰዎች ብዬ መኪናው ውስጥ ደብቄዋለሁ። ደጃፍ ያኖረችውን ከረጢት በጋዜጣ ነው የሞላሁት።»

«ለሆድህ ብለህ ነው እንጂ!» ልትስቅ ስትል ጠዋት ደጃፍ ላይ ያየችው ጋዜጣ ትዝ አላት። ጭምድዱ ገጽ በገጽ በእጅ ተቃንቶ፣ በጥንቃቄ ተደራርቦ ነበር።

«ዌንደል፣ ጠንቋይዋን ምንም አልከፈልናትም።»

ፊቱ አመድ መሰለ። ከረሜላውን ሊያመጣ የመኪናውን ቁልፍ በኪሱ ይዳብስ ጀመር፤ እሷም ቁልፉን ፍለጋ መሳቢያውን በሁለት እጇ ትበረብራለች። የትንሹ ቦት ኮቴ በመተላለፊያው እየራቀ ሄደ፤ የውጭው በርም ቀስ ብሎ ተዘጋ።