የጋሼ መታወቂያ

መሥሪያ ቤት ውስጥ በስሙ የሚጠራው የለም፤ ሁሉም «ሰባቱ» ነው የሚለው። ወንበር ሲመርጥ ሰባተኛውን፣ ሎተሪ ሲቆርጥ በሰባት የሚያልቀውን፣ ማሊያውም ሰባት ቁጥር። «ምን ላድርግ፣ መታወቂያዬ ራሱ በሰባት ነው የሚያልቀው፤ ዕድሌ ናት» ይላል። ሙያው ፕሮግራም መጻፍ ነው፤ በዕድል ግን ያምናል። ሰው ምሉዕ አይሆን መቼም።

አርብ ዕለት የመታወቂያ ቁጥር የሚፈትሸውን ፕሮግራም ጨርሶ ላከ። ቁጥሩ ሰው ሲወለድ የሚሰጠው፣ እስኪሞትም የማይለወጥ ነው። የመጨረሻዋ አኃዝ ዝም ብላ አትቀመጥም፤ ከፊቷ ካሉት ተሰልታ ነው የምትገኘው። ስሌቱ ካልገጠመ ቁጥሩ ሐሰተኛ ነው። ከሰኞ ጀምሮ ሆስፒታሉም፣ ባንኩም፣ የየመሥሪያ ቤቱ በርም በዚህ ሊሠሩ ነው። አለቃው «ጎበዝ!» ብሎ ትከሻውን ቸብ ቸብ አደረገው። ሰባቱ ከደስታው ብዛት መታወቂያውን በር ላይ ዘበኛው ጋ ረስቶ ወደ ቤቱ በረረ።

እሑድ ከምሳ በኋላ ጉራ አማረው። ምነው አርፎ በተቀመጠ! ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ ከፈተና «በሉ፣ መታወቂያ አምጡ!» አለ። የአባቱን አስገባ፤ አረንጓዴ በራ። የእናቱም አለፈ። የታናሽ እህቱ ሲያልፍ ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ።

«ያንተስ?» አለች እህቱ።

«የኔ ዘበኛው ጋ ነው። ደግሞ ዳኛውን ማን ይዳኘዋል?»

ተሳሳቁ። ጋሼ ብቻ ቀሩ። ጋሼ የእናቱ የሩቅ ዘመድ ናቸው ይባላል፤ በጦርነቱ ጊዜ ሸሽተው መጥተው የጓሮውን ክፍል ከያዙ ወዲህ የቤቱ ሰው ሆነዋል። ሰባቱን በልጅነቱ ትምህርት ቤት ያመላለሱት እሳቸው ናቸው። አሁን ኩላሊታቸው ደክሞ ሆስፒታል እየሄዱ ደማቸውን በማሽን ይታጠባሉ። ተራቸው ነገ ነው።

«የኔን ተወው፣ አርጅቷል» አሉ።

«ቁጥር አያረጅም ጋሼ፤ ወዲህ ይበሉ!»

በግራ እጃቸው ከኪሳቸው አውጥተው ሰጡት። ሰባቱም በግራ እጁ ቁጥሮቹን ቀጭ ቀጭ አድርጎ ጻፋቸው። ቀይ በራ።

ደገመው። አሁንም ቀይ።

ሰባቱ ክው አለ። «ፕሮግራሙ ተሳስቶ ይሆናላ» አለ አባቱ።

«አልተሳሳተም» አለ ሰባቱ። ቢሳሳትለት ግን እንዴት በወደደ!

ወደ ደጅ ወጥቶ ለአለቃው ደወለ። «አንድ ታማሚ ሽማግሌ አሉ፤ ነገ ካልታጠቡ ይሞታሉ። እባክዎ፣ ለአንድ ሳምንት እንኳ እናቆየው።»

«ከእጄ ወጥቷል ወንድሜ። ነገ ጠዋት በራሱ ሥራ ይጀምራል። ያልገጠመለት ሰው አይስተናገድም፤ ስሙም በቀጥታ ፖሊስ ጋ ይሄዳል። አንተው አይደለህ እንዴ ማንም እንዳይነካው አድርገህ የቆለፍከው?»

እውነቱን ነው። «ጎበዝ» የተባለውም ለዚያው ቁልፍ ነበር።

ሲመለስ ጭንቀቱ ወደ ንዴት ተለወጠበት። «ጋሼ፣ ማን ነዎት? ምን ሠርተው ነው እኛ ቤት የተደበቁት?»

«አንተ ልጅ!» ብላ እናቱ ጮኸች። «እሳቸውን ስትናገር አፍህን ሰብሰብ አድርግ!» እንባዋ ግን ቀድሟት ነበር። አባቱ አቀርቅሮ መሬት መሬቱን ያያል።

«እናንተም ታውቁ ነበር?»

ወደ ጋሼ ዞረ።

«ይናገሩ እንጂ! ነገ ሆስፒታሉ በር ላይ ይይዙዎታል፤ እኔ ደግሞ ምንም ላደርግልዎ አልችልም። ምንም!» ንዴቱ ሁሉ እኮ አንጀቱን ስለበሉት ነው።

ጋሼ አልተቆጡም። «ማኅተም ቀራጭ ነበርኩ» አሉ። «ሸሽተን ስንመጣ ወረቀታችን ከቤታችን ጋር ተቃጥሏል። ያለ ወረቀት ደግሞ ሕክምናም የለ፣ ትምህርት ቤትም የለ። ሌላ መላ አጣሁ። በገዛ እጄ ሠራሁት።»

«ታዲያ የመጨረሻዋን አኃዝ ከየት አመጧት?»

ጋሼ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው ዓይኑን አዩት።

«ሂሳብ እንዳላት ማን ነግሮኝ፣ ልጄ? ደስ ስለምትለኝ የሁለታችንንም በሰባት ጨረስኩት።»