ዘብ አስተኚው

አባት የጠወለገውን የቲማቲም ተክል ሴት ልጁ የምትሠራበት ላቦራቶሪ ጠረጴዛ ላይ ወረወረው። «አጎትሽ እንደመረዘብኝ ጻፊልኝ፤ እከሰዋለሁ።»

ልጁ ከማይክሮስኮፑ ቀና አለች። «መርዝ አይደለም አባዬ፤ ባክቴሪያ ነው። እንደ መርፌ ባለ ነገር ፕሮቲኑን የተክሉ ሴል ውስጥ ይወጋና በሽታ የሚከላከልለትን ዘቡን ያስተኛዋል። ከዚያ በኋላ እንደ ልቡ ነው።»

«ማን አስገባው ታዲያ?»

«በቁስል ነው የሚገባው። ቅርንጫፉን የሚቆርጠው ማነው?»

«እኔ ነኛ። ሌላ ሰው አላስነካም።»

«መቀሱን ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ስትሄድ ታጸዳዋለህ?»

አባት መቀሱን አጽድቶ አያውቅም። ደሙ ግን አሁንም ይፈላ ነበር። ጠዋት የወንድሙን ሻንጣ ደጅ አውጥቶ ሲወረውር፣ ወንድሙ «በእናታችን አጥንት፣ እኔ አይደለሁም» ብሎት ነበር የሄደው።

«ይህን ትናንት አትነግሪኝም ነበር?» ብሎ ልጁ ላይ ጮኸባት።