በጭንቅላቷ የቆመች በር

«እስቲ ከኔ ቀደመ የተባለውን ቁልፍ አሳዪኝ፣ ልጄ» ይላሉ ሽማግሌው ቁልፍ ሠሪ፣ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ እያሳረፉ።

የፈጠራ ማመልከቻቸውን ውድቅ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ሥራዬ አዲስ ነው የተባለውን ከድሮዎቹ ጋር ማስተያየት ነው። የእሳቸው ቁልፍ ምላሱ የሚገፋው ሞላ ሳይኖር፣ በራሱ ክብደት ብቻ ወርዶ ይቆልፋል። ከአርባ ዓመት በፊት በተመዘገበ አንድ ቁልፍ ሥዕል ላይም ምላሱ ወደ ታች ሲወርድ አየሁ። ያኛው ሞላ አለው፤ እኔ ግን «ሞላው ትርፍ ነው፣ ያለ እሱም ይወድቃል» ብዬ ወሰንኩ። በዚያ ባበቃ ጥሩ ነበር። «የሌላ ሰው ላብ የራስ ተደርጎ አይቀርብም» የምትል ዓረፍተ ነገርም በውሳኔው ደብዳቤ ላይ ጨመርኩ። የዚያን ቀን በጣም አምራኝ ነበር።

ፋይሉን አውጥቼ ሥዕሉን ፊታቸው እዘረጋዋለሁ። እርግጠኛ ስለሆንኩ አንገቴ ቀና ብሏል።

መነጽራቸውን ያደርጉና ያያሉ። ከዚያ ሳቅ ያመልጣቸዋል።

«ይቺ በር በጭንቅላቷ ነው እንዴ የቆመችው?»

«እንዴት?»

በተሰነጣጠቀ ጥፍራቸው የቁልፉን ቀዳዳ ያሳዩኛል። ከላይ መሆን የነበረበት ክብ ከታች፣ ስንጥቁ ከላይ ነው። ፋይሉን እንዳለ ያዞሩታል። ምላሱ ወደ ላይ የሚወጣ ሆነ። ያለ ሞላ ንቅንቅ አይልም።

ወረቀቱ ፋይሉ ውስጥ ተገልብጦ ነው የተሰፋው፤ እኔም እንዳገኘሁት አየሁት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች! ዓይኔን በጨው ታጥቤ «የመዝገብ ቤት ጥፋት ነው» ልል አፌን እከፍትና መልሼ እዘጋዋለሁ። ፊቴ ይግላል።

«ይቅርታ፣ አባባ። ውሳኔውን ዛሬውኑ አነሳዋለሁ።»

«እሱስ ይነሳ።» ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። አጠገቤ ያለው ባልደረባዬ እንዳይሰማብኝ ብለው መሆኑ ሲገባኝ ይብስብኛል። «ደብዳቤውን ያነበበችልኝ ሴቷ ልጄ ናት። ያቺ የላብ ነገር ላይ ስትደርስ ቆም አለች። ‹አባዬ፣ እውነት ነው?› እንኳን አላለችኝም። ሻይ ላፍላ ብላ ተነሳች።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

«ምን ላድርግ ታዲያ?»

«ለሷ ጻፊልኝ። ማኅተም ያለበት ይሁን።»

ባዶ ወረቀት አወጣለሁ። «አባትሽ አልሰረቁም» ብዬ እጀምርና እቀደዋለሁ፤ ያ ቃል ከስማቸው ጎን መቀመጥ የለበትም። በሌላ ወረቀት ላይ «ቁልፉን የፈጠሩት አባትሽ ናቸው። ሥዕል ገልብጬ ያየሁት እኔ ነኝ» ብዬ እጽፋለሁ። ከዚህ በላይ የምጨምረው አጣሁ።

ማኅተሙን አንስቼ ላሳርፍ ስል እጄን ያዝ ያደርጉኛል።

«ቀስ በይ፣ ልጄ» ይላሉ በሹክሹክታ። ከእጄ ሳያስለቅቁኝ የተገለበጠውን ማኅተም አዙረው ያቃኑልኛል።