የደበዘዘ ቀለም

ዋንጫውን በፌስታል ይዞ ሲመጣ የእናቱ ቤት ከነአጥሩ የለም። እናቱ የቆርቆሮው ክምር አጠገብ ፍራሿ ላይ ተቀምጣለች። "ማሽኑ የታች ሰፈርን ሲጨርስ ወደኔ ዞረ" አለችው።

ሃያ ዓመት ሙሉ ለፊልም ቀረጻ የሚሆን የውሸት ቤትና ሰፈር ሲሠራ የኖረ ሰው ነው። ትናንት የተገነባ ግድግዳ በእሱ እጅ ሲያልፍ የአያት ዘመን ይመስላል። ማታ መድረክ ላይ ሲሸልሙትም "የእሱ ውሸት ከእኛ እውነት ይበልጣል" ብለው አጨብጭበውለታል።

ከነፌስታሉ ወረዳው ቢሮ ገባ።

"ማስጠንቀቂያ ሳትሰጡ የአሮጊት ቤት የምታፈርሱት በየትኛው ሕግ ነው?"

ኃላፊው ሳይቆጣ በስልኩ ያነሳውን ፎቶ አሳየው። "ጋሼ፣ እኛ ምልክት የሌለበትን ቤት አንነካም። ይኸው፣ 'ይፈርሳል' የሚል በቀይ ቀለም ተጽፎበታል። ዝናብ መትቶት እንኳ ደብዝዟል፤ ከተጻፈ ስንት ዓመቱ!"

ፎቶውን ወደ ዓይኑ አስጠጋው። ዝናብ አልመታውም። ለተሸለመበት ፊልም ብሎ በገዛ እጁ ጽፎ፣ የሻይ ውኃ እየረጨ ያስረጀው ራሱ ነው። "ቀረጻው ሲያልቅ አጥብልሻለሁ እማዬ" ብሏት ነበር።

ተመልሶ ከጎኗ ተቀመጠ።

"ነግሬያቸው ነበር እኮ" አለች እናቱ፣ "ልጄ ለፊልም የጻፈው ነው ብዬ።"

"ምን አሉሽ?"

"ሳቁብኝ። 'እማማ፣ ይሄማ ፊልም አይመስልም' አሉኝ።"