የአባቴን አፍ የሚያዩት ሽማግሌ

«ሌባ» ስላቸው ዝም ያሉኝ ለምን ነበር?

ስድስት ዓመት ሙሉ ይህን ጥያቄ ይዤ ኖሬያለሁ...

እናቴ ፒንግቱንግ በሚባል ከተማ ውስጥ ትንሽ ቁርስ ቤት አላት። አባቴ የአሸዋ መኪና ሹፌር ነው። እንቅልፍ እንዳይጥለው ሠላሳ ዓመት ቢንላንግ አኝኳል... ያንን ምራቅ የሚያቀላ ፍሬ።

አጎት ሊያው የሚባሉ ሽማግሌ በየጠዋቱ ይመጡ ነበር።

የአኩሪ አተር ወተት ያዝዛሉ... አይጠጡትም።

አባቴ ሲበላ አፉን ያያሉ።

አፉን ብቻ።

እኔ ሰው ፊት መናገር የምፈራ፣ መጽሐፍ ኋላ የምደበቅ ልጅ ነኝ። በመጽሐፉ አናት ላይ ግን እከታተላቸው ነበር...

አንድ ቀን ሦስት ጣቱን ደራርቦ አፉ ውስጥ እንዲያስገባ ነገሩት። አንዱ ብቻ ገባ።

አባቴ አፍሮ፣ «ሚስቴ አብልታ አብልታ ጣቴን አወፈረችው» አለ። ሹፌሮቹ ሳቁ።

ሽማግሌው አልሳቁም። የጤና ካርዱን ተቀብለው፣ ቢጫ ወረቀት ላይ የሆነ ነገር ጽፈው ከጀርባው ለጠፉበት።

በዚያ ሰሞን የሰዎችን ካርድ እየተቀበለ በስማቸው ኢንሹራንስ የሚገባ አጭበርባሪ አለ ይባል ነበር...

ወረቀቱን በድብቅ ላጥኩት። የማይነበብ ጭረት ነው። ጥርጣሬዬ ባሰ። ለፖሊስ ማስረጃ ይሆናል ብዬ መጽሐፌ ውስጥ ከተትኩት።

በማግስቱ ሹፌሩ ሁሉ እየሰማ...

«አጎቴ፣ እርስዎ ሌባ ነዎት። ሁለተኛ እዚህ እንዳይመጡ» አልኳቸው።

ያልጠጡትን ወተት ገፋ አድርገው ወጡ። አንድ ቃል አልተናገሩም።

ሦስት ሳምንት አለፈ።

እሁድ እኩለ ቀን ላይ የአባቴ ጥርስ አመርቅዞ አንገቱ አበጠ። ትንፋሹ ያፏጭ ጀመር...

ድንገተኛ ክፍል ያገኘናት ወጣት ሐኪም፣ መተንፈሻ ቱቦ ካልገባለት ይታፈናል አለች። አፉ አይከፈትም አልኳት። የቆለፈው ሕመሙ ነው፣ በመድኃኒት ሲተኛ ይላላል ብላ መርፌውን አነሳች።

አፉ...

ያኔ ወረቀቱ ትዝ አለኝ። መጽሐፉ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። አውጥቼ ሰጠኋት።

አይታው መርፌውን አስቀመጠች። ከዚያ አጠገቧ ላለው ነርስ ጮክ ብላ አነበበችለት፦

«አፉ የሚከፈተው አንድ ጣት ያህል ነው። የቢንላንግ ጠባሳ ስለሆነ በመድኃኒት አይላላም። እንዳታስተኙት፤ ትንፋሹ ይቆማል። ነቅቶ ሳለ ቱቦውን በአፍንጫው አስገቡ።»

አባቴን ሳያስተኙ፣ እያባበሉት፣ ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በአፍንጫው አስገቡለት።

ዳነ።

ሐኪሟ ግን ወረቀቱን አልመለሰችልኝም። የእጅ ጽሑፉን ታውቀዋለች... የአስተማሪዋ ነው።

እሷ እንደነገረችኝ አጎት ሊያው የማደንዘዣ ሐኪም ነበሩ። አንድ ሹፌር ካስተኙት በኋላ አፉ አልከፈት ብሎ እጃቸው ላይ ሞተ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሹፌሮች የሚበሉበትን ቤት እየዞሩ አፍ ያያሉ...

ይቅርታ ልጠይቅ ብሄድ ከተማውን ለቀዋል።

አሁን ሳስበው ዝም ያሉት ወረቀቱ ካርዱ ላይ ያለ መስሏቸው ነው። ያሳሰባቸው የአባቴ ትንፋሽ እንጂ የራሳቸው ስም አልነበረም።

«ጠርጥር፣ ከገንፎ ይገኛል ስንጥር» ይባላል። እኔ ስንጥር ስፈልግ ገንፎውን ልደፋው ነበር።

መጠርጠር ነውር አይደለም... ሳይጠይቁ መፍረድ ግን ሰው ይገድላል።

ዛሬ ወስኛለሁ። ከነገ ጀምሮ ቁርስ ቤታችን የሚገባውን ሹፌር ሁሉ ሦስት ጣቱን እንዲሞክር እኔው እጠይቃለሁ። ቢጫ ወረቀትም ገዝቻለሁ።

ሌባ ቢሉኝም ዝም እላለሁ።

እስቲ እናንተም ሦስት ጣታችሁን ደራርባችሁ ሞክሩት፤ ጤነኛ አፍ ሦስቱንም ያስገባል... ስንቱ ገባ?

ደግሞስ ሳትጠይቁ የፈረዳችሁበት ሰው ማን ነበር?